በፋሲካ ሌሊት በእናቴ መሬት ላይ የቆመው ቤት

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታ ወይም በሰበታ በኩል የወላጅ መሬት ላላችሁ ነው። በተለይ ወላጅ አርጅቶ፣ መሬቱን ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ጠፍቶ፣ እናንተም ከተማ ሆናችሁ ሐሳብ ለሚያድርባችሁ። እኛ ላይ የደረሰው ነገር አሥራ አራት ወር ፈጅቷል። ወንድሜን እስር ቤት ሊያስገባው፣ እናቴንም አልጋ ላይ ሊያስቀራት ምንም አልቀረውም ነበር። ግማሹን ጥፋት የሠራው አንድ ደላላ ነው። ሌላውን ግማሽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

የእናቴ ይዞታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ በሚወርደው ተረተር ላይ ነው። ሁለት ሄክታር አይሞላም። ከላይ ባህር ዛፍ አለ፣ መካከሉ ላይ ቤታችንና የገብስ ማሳ፣ ከታች ደግሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት የሣር ሜዳ። የሚያኖረን ያ ሜዳ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ ይከመራል፣ አይሱዙ መጥቶ ይጭነዋል። አባቴ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ እናቴ ብቻዋን ቀረች። እኔም አዲሱ ገበያ የነበረኝን የኪራይ ቤት ለቅቄ ከሁለት ልጆቼ ጋር እሷው ዘንድ ገባሁ።

አባቴ በሕይወት ሳለ መሬታችን አጥር አልነበረውም። ዳር ዳሩን ቀጋና ኮሽም በቅሎበታል፣ ባልበቀለበት ድንጋይ ተደርድሯል፤ ድንበራችን ያ ነበር። በባህር ዛፉ መካከል ከላይኛው ሰፈር ወደ ምንጩና ወደ አስፋልቱ የምትወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ነበረች። ገና ሳይነጋ ወተት ተሸካሚዎቹ ይወርዱባታል፣ ቀጥሎ ተማሪዎች፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ለምጣድ የሚሆን ቅጠል የሚጠርጉ እናቶች። አባቴ ቅጠል ጠራጊዎቹን «ቅጠሉን ውሰዱ፣ ግንዱን ግን ጠብቁልኝ» ይላቸው ነበር። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ደግነቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ። «ጠብቁልኝ» የሚለውን ቃል ልብ አላልኩትም።

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ሣሩ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከብት ገብቶበት አደረ። ጠዋት ስወርድ ሜዳው በሰኮና ተቦክቷል፣ ያልተበላውም ሣር ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ወር ሳይሞላ አሥራ አንድ ባህር ዛፍ ተቆርጦ ተወሰደ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ጉቶዎቹ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ዝም አለች። ዝምታዋ አንገበገበኝ። ማንን እንደምጠረጥር አላውቅምና ሁሉንም ጠረጠርኩ።

የመጀመሪያው ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። በመሬታችሁ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለሃምሳ ዓመት መንገድ ያደረገው አለ፣ ከብቱ ያመለጠው አለ፣ ቅጠል የሚለቅም ድሃ አለ፣ እንጨት የሚሰርቅ አለ፣ መሬቱን ራሱን ሊወስድ የመጣም አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሽቦ ለማስቆም የሞከረ ሰው የመጨረሻውን ብቻ ሳያስቆመው ይቀራል። ሽቦ የሚፈራው ሌላው ነውና።

እኔ ግን ተበድሬ እሾሃማ ሽቦ ገዛሁ። ከራሳችን ባህር ዛፍ ቋሚ አስቆረጥኩ፣ ዙሪያውን አሳጠርኩ፣ የእግር መንገዷንም ከላይም ከታችም ዘጋኋት። ለማንም ቀድሜ አልተናገርኩም። መተላለፊያ በርም አላበጀሁም። በአራተኛው ቀን የላይኛው ጎረቤታችን ጥጃ በለመደችው መንገድ ስትወርድ ሽቦው ውስጥ ገባች። ባለቤቷ እግሯ እየደማ ይዟት በራችን ላይ ቆመ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ለሰው ይነገራል እኮ» አለና ሄደ። እናቴ ማታ ላይ «ይቅርታ በይው» አለችኝ። ነገ አልኩ፤ ነገም ሌላ ነገ ሆነ።

የባሰው ግን ከወር በኋላ የሆነው ነው። አንዲት እማማ፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማያንስ፣ በሽቦው ሥር ሾልከው ገብተው ቅጠል ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ግማሽ የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ነበራቸው፣ አጠገቡም ሁለት ቦታ የተቀጠለ ገመድ። ከረጢቱን ደፋሁት፣ ገመዱንም ቀማኋቸው። «አባትሽ ያውቀኛል እኮ ልጄ» አሉኝ። «አባቴ ሞቷል» አልኳቸው። ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ገመዱን ጎተራ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ነገር ግን ካልጻፍኩት ቀጥሎ የመጣው ነገር አይገባችሁም።

የ2010 ዓ.ም. ፋሲካ ደረሰ። በዚያ ሳምንት አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ የሁሉም ሰው ጆሮ ሬዲዮ ላይ ነበር። ዓርብ ስቅለት፣ ቅዳሜ የበዓል ገበያ፣ እሑድ በዓል። መሬት በሌሊት የሚወርሩ ሰዎች የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ሰሞን ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የበግና የዶሮ ወከባ ባለበት የመዶሻ ድምፅ ማንም ልብ አይለውም። የጨረቃ ቤት የሚባለው ስሙን ያገኘው በአንድ ሌሊት ስለሚቆም ነው። መሬት ያላችሁ ሰዎች፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ አንድ ሰው መሬቱ ላይ እንዲያድር አድርጉ። እኛ በዚያ ሌሊት ሁላችንም ቅዳሴ ነበርን።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ፈትተን ጋደም እንዳልን፣ ጎህ ሲቀድ ትልቁ ልጄ ከውጭ እየሮጠ ገባ። «እማዬ፣ ከላይ የሚያበራ ነገር አለ» አለኝ። ወጥቼ አየሁ። ከባህር ዛፉ ዳር አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ይወጋል።

ስንወጣ ሽቦው በሁለት ቦታ ተቆርጦ ወደ ጎን ተጠቅልሏል። አንዲት ክፍል ቤት ናት፤ በሩ ገና አልተገጠመም፣ አንዱ ግድግዳ ብቻ ጭቃ ተመርጎበታል፣ ጭዱ ከእርጥብ ምርጊቱ ላይ ይታያል። ቋሚዎቹ ልጣጫቸው ገና ያልተላጠ ባህር ዛፍ ነበሩ፤ እጄን ባሳርፍባቸው ረጠበ፣ ያ የሚያስነጥስ ሽታቸውም ነበረ። ያኔ አላሰብኩትም፤ በኋላ ግን ያ ሽታ ትልቅ ማስረጃ ሆነን። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ወጥቶ «ገዝቼ ነው» አለኝ። ከኪሱ ያወጣው ወረቀት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ይላል፣ ሦስት የጣት አሻራ አለበት፣ ሻጭ የተባለውን ሰው እናቴም እኔም ሰምተነው አናውቅም።

እዚህ ላይ ገዢዎችንም ላናግር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ «የገበሬ መሬት ልሽጥልህ» የሚላችሁ ደላላ የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ምስክር ቢደረደርበትም መሬቱን የእናንተ አያደርገውም። ያ ሰው በሹፍርና ያጠራቀመውን ገንዘብ የከፈለው ለእንዲህ ያለ ወረቀት ነበር።

በዚያ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ሁለተኛው ትልቁ ስህተቴ ነውና። ጮኽኩ፣ ተሳደብኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩ። ፎቶ አላነሳሁም። ጎረቤት ጠርቼ «እዩልኝ» አላልኩም፤ ማንን እጠራለሁ? ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፣ የሚመለከተው ሰው አልነበረም። ማክሰኞ «ረቡዕ ነይ» ተባልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብለው መለሱኝ። በቃል ነበር የማመለክተው፤ የሄድኩባቸው ቀናት አንዳቸውም በወረቀት አልቀሩም። እባካችሁ በቃል አታመልክቱ። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ሕግ ፊት «ሄጄ ነበር» ማለት ብቻውን አይረዳም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰውየው በሩን ገጠመ፣ ለሁለተኛ ክፍል መሠረት መቆፈር ጀመረ። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከአዲስ አበባ መጥረቢያ ይዞ መጣ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፣ አልሰማትም። ያስቆሙት ከላይኛው ሰፈር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድንገት በእግር መንገዷ ጫፍ፣ ከሽቦው ማዶ ቆመው «ልጄ፣ መጥረቢያው ቤቱን ካፈረሰ በኋላ ማን ላይ ያርፋል?» አሉት። ውስጥ ሕፃን ነበር። ወንድሜ መጥረቢያውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄድን። እሷ ያስረዳችን ነገር ለእናንተም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው አንቀጽ 1148 ነው፤ ይዞታውን በኃይል ወይም በስውር የተነጠቀ ሰው ወዲያውኑ፣ እዚያው ላይ እንዳለ፣ ወራሪውን መልሶ ማስወጣት ይችላል፤ ሁኔታው ከሚፈቅደው በላይ ግን ኃይል መጠቀም አይችልም። ቁልፉ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ነው። «ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥረቢያ ይዞ የሄደ ሰው ይዞታውን የሚከላከል ሳይሆን አዲስ ጠብ የሚጭር ነው፤ ተከሳሹ እሱ ይሆናል» አለችን። ወንድሜ መሬት መሬት አየ።

ሁለተኛው አንቀጽ 1149 ነው፤ ሰዉ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ። ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲቆም፣ የተወሰደውም እንዲመለስለት፣ ካሳም እንዲከፈለው ይጠይቃል። ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል፤ በ«ነገ ነይ» እና በሽምግልና ግን ሳይታወቅ ያልቃል። ስለዚህ ቤቱን ያያችሁበትን ቀን ያን ዕለት ጻፉት።

ከዚያ ጠበቃዋ እናቴን ዞር ብላ አየችና ጠየቀቻት፦ «የይዞታ ደብተሩ አለዎት፣ የግብር ደረሰኝም አለዎት፣ ጥሩ ነው። ግን ይዞታ ማለት ወረቀት ብቻ ሳይሆን በእጅ መያዝ ነው። ይህን መሬት እርስዎ ይዘውት እንደነበረ፣ ይህም ቤት በዚያ ሌሊት እንደቆመ የሚመሰክር ጎረቤት ማን አለ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ምሽት ጎተራ ገብቼ ገመዱን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። ጠዋት ከረጢት ጨምሬ፣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። እማማን ቤታቸው አገኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ገመዱን ተቀብለው የተቀጠለበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ «ግቢ» አሉኝ። ቡናው ሲፈላ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አላነሳሁም። እሳቸው ናቸው ያነሱት።

«ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አራት ሰዎች ባህር ዛፋችሁን ሲቆርጡ አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። «አንዱ መሬቱን በእጁ እያሳየ ይለካ ነበር። ወርጄ ልነግርሽ ተነሣሁ፤ ገመዴ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ።»

ሦስት ቀን ቀድመን ማወቅ እንችል ነበር ማለት ነው። ቋሚ ሲቆረጥ፣ ገና ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ጨቅላ ልጅ ሳይገባበት። አባቴ አጥር ሳያጥር ሠላሳ ዓመት መሬቱን ያስጠበቀው በእነዚህ እናቶች ዓይን እንደነበረ የገባኝ እዚያች ጉልቻ አጠገብ ነው።

ከእማማ ቤት በቀጥታ ወደ ጥጃዋ ባለቤት ሄድኩ። ከስድስት ወር በላይ የዘገየ ይቅርታ ነው። ማሳከሚያውን ልክፈል አልኩት፣ እምቢ አለ። «መንገዱን ክፈቺው» አለኝ።

ያኔ በእኛ አካባቢ የገጠር መሬት ክርክር መጀመሪያ ቀበሌ ይቀርብና ግራና ቀኝ የየራሳቸውን ሁለት ሁለት ሽማግሌ መርጠው ይታይ ነበር፤ በዚያ ካልተፈታ ወረዳ ፍርድ ቤት ይኬድ ነበር። እኛ ከመረጥናቸው አንዱ ወንድሜን ያስቆሙት አዛውንት ነበሩ። ከጽዱ ሥር ተሰበሰብን። የተሰበሰብነው ስለ ቤቱ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረው «ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ አስቀድመሽ ስለ መንገዱ ንገሪን» አሉኝ። ተናደድኩ። የተበደልነው እኛ ነን፣ እኔ ምን አደረግኩ ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ መንገዱ ተዘግቶበት የተቀየመ ሰው በመሐላ ሥር ቆሞ ለእኛ እንዲመሰክር መጠየቅ አይቻልም።

ስለ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተነጋገርን። በመጨረሻ መሐል ለመሐል መሄዷ ቀርቶ በድንበሩ ዳር እንድትሄድ ተስማማን፤ ለእነሱ ጥቂት እርምጃ ይጨምራል፣ ለእኛ ዛፉን ያተርፋል። ሽቦው ላይ በሁለቱም ጫፍ መተላለፊያ ከፈትን። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ጠይቆኛልና። በሽቦው ክፍተት ፊት ለፊት አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አንድ ወፍራም ቋሚ ትተክላላችሁ። ሰው በጎን ዞር ብሎ ያልፋል፣ እንስራ የተሸከመችም ታልፋለች። ላም ግን መታጠፍ አትችልምና ትመለሳለች። በር የለውም፣ ተከፍቶ የሚረሳ ነገር የለውም። የተጫነ አህያ ያለው ሰው ቀን ቀን በዋናው በራችን ይገባል። ሕጉም ቢሆን መውጫ የሌለው መሬት ያለው ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት ማን በእሷ ብቻ እንደሚወጣ ጠይቁ።

ቤት የሠራው ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ አልመጣም፤ ደላላው «ዝም በል፣ ያልቃል» ብሎት ነበር። ሽምግልናው እንዳልተሳካ የሚገልጽ ወረቀት ይዘን ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድን። በኦሮሚያ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታችሁን ቋንቋውን በደንብ በሚጽፍ ሰው አስጽፉ፣ ችሎት ላይም የማትሰሙ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። ክሱን ስናስገባ በዚያው ግንባታው እንዲቆም እግድ ጠየቅን። ይህን ባናደርግ ኖሮ ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለተኛው ክፍል ያልቅ ነበር። የዛፉን ስርቆት ደግሞ ለብቻው ለፖሊስ በጽሑፍ አመለከትን፤ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ የመለሰን ጣቢያ «ሰባት ባህር ዛፍ ተሰርቋል» የሚለውን ግን መዘገበው። ጉቶዎቹን በገመድ ለክተን፣ የቤቱንም ቋሚዎች ለክተን ፎቶ አነሳን። ያ ሽታ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ቀጠሮው ረጅም ነበር። ክረምት ገባ፣ ፍርድ ቤት ተዘጋ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ተከፈተ፣ ዳኛ ተለወጠ። ለምስክርነት የቀረቡልን ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እማማ፣ የጥጃዋ ባለቤትና አንዲት ወተት ተሸካሚ ልጅ። ወተት ተሸካሚዋ የመሰከረችው አጭር ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋባት ዓርብ ጠዋት በሽቦው ዳር ዞራ ስትወርድ ቦታው ላይ ቤት አልነበረም፣ ሰኞ ስትወርድ ነበር። ከእሷ ቃል በላይ የረዳን የለም።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ወሰነ። ሰውየው ከዚያ በፊት፣ ጥር ላይ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወጥቶ ነበር። ቆርቆሮውንና በሩን እንዲወስድ አንድ ወር ሰጠነው፤ ሲጭን ወንድሜ አገዘው። ሰውየው ደላላውን ለመክሰስ ሲፈልግ እማማ ለእሱም መሰከሩለት። ደላላው ከገንዘቡ ከፊሉን እንደመለሰለት ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም አይደለም።

አሁን የምናደርገውን በአጭሩ ልጻፍ። በድንበራችን ማዕዘኖች ላይ ጎረቤቶቻችን ባሉበት ድንጋይ ቀብረናል፤ በደብተሩ ላይ በአዋሳኝነት ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ቆመው አይተውታል። በየሦስት ወሩ ከአንድ ቦታ ቆሜ አራቱንም አቅጣጫ ፎቶ አነሳለሁ። የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኝን ኮፒ አድርጌ ወንድሜ ቤት አስቀምጫለሁ። በሽቦው ላይ በሁለት ቋንቋ «ያለ ፈቃድ መቁረጥና መቆፈር ክልክል ነው» ብለን ጽፈናል፤ ሕጉ የባለይዞታው እምቢታ በግልጽ የተነገረ እንዲሆን ይፈልጋልና። «መግባት ክልክል ነው» አላልንም።

የከብቱን ጉዳይ በሌላ መንገድ ጨረስነው። ሣሩ ከታጨደ በኋላ የሚበቅለውን ለስድስት ሳምንት የላይኛው ሰፈር ከብቶች ይግጡታል፤ በምላሹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እረኞቻቸው ሜዳውን ይጠብቃሉ። ካለፈው ስምምነታችን ወዲህ ሌሊት ከብት የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እረኞቹ ራሳቸው አውጥተው፣ አስረው፣ ጠዋት ባለቤቱን ይዘውልን መጡ። የሰው ከብት ብታገኙ አትደብድቡ፤ ጥፋቱን በሰው አሳይታችሁ፣ ውሃ እየሰጣችሁ ያዙትና ባለቤቱን አስጠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት የእኛን አካባቢ ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ከተሞችና ቀበሌዎች ብዙዎቹ ወደ እሱ ገብተዋል፤ ዱሮ የምታውቁት ቢሮ ዛሬ ጉዳያችሁን ላያይ ይችላል። የገጠር መሬት ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። መሬታችሁ ዛሬ በማን መዝገብ ላይ እንዳለ ችግር ሳይመጣ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ከተራ ዕለት፣ ልጆቹን ለታቦት ላለብስ ስል ስልኬ ጮኸ። የእማማ የልጅ ልጅ ናት። «እትዬ፣ አያቴ ቶሎ ነይ እያለችሽ ነው፣ ሦስት ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተዋል» አለችኝ። ስወጣ እማማ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በመተላለፊያው ቋሚ ላይ ተደግፈዋል፤ የጥጃዋ ባለቤትና ሁለት እረኞችም ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሰዎቹ ሜትሩን ገና አልዘረጉትም ነበር። ደላላቸው ስልኩን ዘግቷል። ማንም አልጮኸባቸውም፤ የተጻፈውን አሳየኋቸው፣ ብር ከመክፈላቸው በፊት የት ሄደው እንደሚጠይቁ ነገርኳቸው፣ ስልክ ቁጥሬንም የወሰደ ነበር። በእግር መንገዷ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። እኔ ከረጢቱን ከፍቼ ያዝኩ፣ እማማ ቅጠሉን ሞሉበት።